«ሄሊኮፕተር ስለሆነ ይፈቀድለታል» የሚባለው እስከ የት ድረስ ነው?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ካፒቴን፣ ሄሊኮፕተር እየተማርኩ ነው። የአየር ክልል ክላሶችን ከኤ እስከ ጂ ሸምድጄ የጽሑፍ ፈተናውን አልፌያለሁ። በተግባር ግን ግራ ገብቶኛል። ለሄሊኮፕተር የሚፈለገው የእይታ ርቀት ከአውሮፕላን ያነሰ ነው ይባላል። ደንቡ ከፈቀደ አስተማሪዬ ገና ጭጋግ ሲያይ ‹ተመለስ› የሚለኝ ለምንድን ነው? ደግሞስ ታወር ልዩ ቪኤፍአር ከፈቀደልኝ በኋላ ከሌላ አውሮፕላንም ከተራራም የሚጠብቀኝ እሱ አይደለም ወይ? ቢያብራሩልኝ።»

ከመጨረሻው ልጀምር። ሰው የሚሞተው እዚያ ላይ ነውና።

አይደለም፣ ወንድሜ። ታወር ከተራራ አይጠብቅህም። ቪኤፍአር በዓይን እያዩ መብረር ነው፤ ልዩ ቪኤፍአር ደግሞ አየሩ ከተለመደው ገደብ ሲያንስ በዓይን ለመብረር የሚሰጥ ፈቃድ። ተቆጣጣሪው ይህን ሲፈቅድልህ በመሣሪያ ከሚበሩት፣ ማለትም ከአይኤፍአር በረራዎች፣ ያራርቅሃል። የአገሩ ደንብ ካዘዘ ከሌሎች ልዩ ቪኤፍአር በረራዎችም ያራርቅሃል። ሥራው እዚያ ላይ ያበቃል። ኮረብታው፣ የቴሌ አንቴናው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦው፣ ፊት ለፊትህ እየወረደ ያለው ደመና፣ እነዚህ ሁሉ ያንተ ናቸው። ተቆጣጣሪው አንተ ያለህበትን ሸለቆ አያየውም። የሚያውቀው ኤርፖርቱ ላይ የተለካውን አየር ነው። ስለዚህ ፈቃድ ሲሰጥህ የነገረህ ስለ ትራፊክ ብቻ ነው። ስለ አየሩ ምንም አላለህም።

አሁን ወደ ክላሶቹ። ለፈተና ሽምደዳው ይበቃል። በረራ ላይ ግን ለእያንዳንዱ ክላስ አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ፦ እዚህ ውስጥ እኔን ከሌላው የሚያራርቀኝ ማን ነው?

ኤ ውስጥ ቪኤፍአር የለም፤ እለፈው። ቢ ውስጥ ተቆጣጣሪው ሁሉንም ከሁሉም ያራርቃል። ሲ ውስጥ አንተን ከአይኤፍአር ያራርቅሃል፤ ከሌላ ቪኤፍአር ጋር ግን መረጃ ብቻ ነው የሚሰጥህ። እስከዚህ ድረስ ተማሪ አይሳሳትም። ስህተቱ የሚጀምረው ከዲ ነው።

በብዙ አገር በመካከለኛ ኤርፖርቶች ዙሪያ ያለው ኮንትሮል ዞን ክላስ ዲ ነው። በዓለም አቀፉ ደንብ ለመግባት ፈቃድ ያስፈልግሃል፤ ሬዲዮም ግዴታ ነው። ይህን ያየ ተማሪ «ፈቃድ አለኝ፣ ስለዚህ እየተጠበቅሁ ነው» ብሎ ይዝናናል። ዲ ውስጥ ግን ተቆጣጣሪው የሚያራርቀው አይኤፍአርን ከአይኤፍአር ነው። ስላንተ በአይኤፍአር ለሚመጣው ጄት ይነግረዋል፣ ስለ ጄቱም ላንተ ይነግርሃል። ከዚያ በኋላ የሚሠራው ዓይንህ ነው። ስለዚህ ዲ ውስጥ ትራፊክ ሲነገርህ እንደ ዜና አትስማው። ፈልገህ አግኘው። ካላገኘኸው ደግሞ በግልጽ አላየሁትም በል።

ክላስ ኢ ይብሳል። ስሙ «ቁጥጥር ያለበት ክልል» ነው። ግን በዓለም አቀፉ ደንብ ለቪኤፍአር ፈቃድም ሬዲዮም አይጠይቅም። ማንንም ሳታናግር መብረር ትችላለህ። እዚያው ውስጥ አንድ ጄት በመሣሪያ ተመርቶ ከደመና ሊወጣ ይችላል። እሱን ካንተ ያራራቀው ሰው የለም። ኤፍ እና ጂ ቁጥጥር የሌለባቸው ናቸው። ኤፍ ውስጥ ለአይኤፍአር የምክር አገልግሎት አለ። ጂ ውስጥ የበረራ መረጃ ከጠየቅህ ታገኛለህ። አሜሪካ ኤፍን ጭራሽ አትጠቀምም። ከዲ እስከ ጂ ላለው ሁሉ ደግሞ ከ10,000 ጫማ በታች የ250 ኖት (በሰዓት 250 የባሕር ማይል) የፍጥነት ገደብ አለ። ለእኛ ቀልድ ነው፤ ግን ፊት ለፊት የሚመጣው ምን ያህል ሊፈጥን እንደሚችል ስለሚነግርህ ያዘው። ቁጥሩ ወደኋላ ያስፈልገናል።

አገሮች ደንቡን እንዳለ አይወስዱትም። አሜሪካ ውስጥ ወደ ሲ ወይም ዲ ለመግባት የሁለትዮሽ ሬዲዮ ግንኙነት መመሥረት ይበቃል። ተቆጣጣሪው የጥሪ ስምህን ጠርቶ «ቆይ» ካለህ ግንኙነቱ ተመሥርቷል፤ መግባት ትችላለህ። ስምህን ሳይጠራ «የጠራኸኝ አውሮፕላን ቆይ» ካለ ግን አልተመሠረተም። ለቢ ደግሞ ግንኙነት ብቻ አይበቃም፤ እንድትገባ በግልጽ መፈቀድ አለበት። ሌላ አገር ሄደህ በዚህ ልማድ ብትገባ ጥሰት ይሆንብሃል። የምትበርበት አገር የአቪዬሽን መረጃ መጽሐፍ፣ ኤአይፒ የምንለው፣ ውስጥ ኢኤንአር 1.2 የቪኤፍአር ደንቦችን ይዟል፤ ኢኤንአር 1.4 የክላሶቹን ምደባ ይዟል። አገሩ ከዓለም አቀፉ ደንብ የሚለይበት ደግሞ ጄን 1.7 ላይ ተዘርዝሯል። እነዚህን ሦስቱን ክፍሎች ሳያነብ የሚበር አብራሪ ብዙ ነው። አንተ አትሁን።

«አየሁት» ስለሚባለው ነገር ትንሽ ልቆይ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ዋሽንግተን፣ ሬገን ናሽናል ኤርፖርት አጠገብ፣ አንድ ብላክ ሆክ ወታደራዊ ሄሊኮፕተርና ለማረፍ የተቃረበ ሲአርጄ 700 የመንገደኞች ጄት በምሽት ተጋጭተው 67 ሰው ሞተ። ክልሉ ክላስ ቢ ነው። ሁሉም ከሁሉም የሚራራቅበት ማለት ነው። ግን ከሄሊኮፕተሩ ትራፊኩ ታይቷል ተብሎ በእይታ መራራቅ ተጠየቀ፤ ተፈቀደም። ይህ ሲሆን የመራቁ ሥራ ከተቆጣጣሪው ወደ አብራሪው ይዞራል። ክላስ ቢ መሆኑ በዚያች ደቂቃ ብዙም አይጠቅምህም። የሄሊኮፕተር መስመሩ እዚያ ላይ ከ200 ጫማ እንዳያልፍ የተገደበ ነበር፤ ሄሊኮፕተሩ ከዚያ በላይ ነበር። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ ደግሞ ይበልጥ የሚያስደነግጥ ነገር ተናገረ፦ በዚያ መስመር ላይ ባለ ሄሊኮፕተርና ወደ ራንዌይ 33 በሚወርድ አውሮፕላን መካከል ያለው የቁመት ልዩነት እስከ 75 ጫማ ሊጠብ ይችል ነበር። ካርታ ላይ መስመር መሣሉ ብቻውን ከማንም አያራርቅህም።

ከተማ ላይ በምሽት መብራት ብዙ ነው። የምታየው መብራት ተቆጣጣሪው የነገረህ አውሮፕላን መሆኑን እርግጠኛ ካልሆንክ «እየፈለግሁ ነው፣ አላየሁም» በል። በዚህ የሚስቅብህ ተቆጣጣሪ የለም። ቢስቅም ይሳቅ።

ወደ እይታ ርቀቱ እንምጣ። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት አባሪ 2 መሠረት ከ10,000 ጫማ በታች የሚፈለገው 5 ኪሎ ሜትር እይታ ነው፤ ከደመና ደግሞ በጎን 1,500 ሜትር፣ በቁመት 300 ሜትር ወይም 1,000 ጫማ መራቅ። 10,000 ጫማና ከዚያ በላይ እይታው 8 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከባሕር ወለል እስከ 3,000 ጫማ፣ ወይም ከመሬት እስከ 1,000 ጫማ፣ ከሁለቱ ከፍ ባለው፣ በኤፍና ጂ ውስጥ ከሆንክ ግን 5 ኪሎ ሜትሩ እንዳለ ሆኖ፣ ስለ ደመናው ከደመና ውጪ መሆንና መሬት ማየት ይበቃል። «ከሁለቱ ከፍ ባለው» የሚለውን አትዝለለው። ከፍታማ አገር ላይ 3,000 ጫማው ከመሬት በታች ይቀራል፤ ስለዚህ ላንተ የሚሠራው ከመሬት 1,000 ጫማው ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ከየት መጡ? ክላስ ኢ ውስጥ ከደመና ሊወጣ ይችላል ያልንህን ጄት አስበው። በ250 ኖት በሰከንድ 129 ሜትር ገደማ ይሄዳል። 1,500 ሜትር ለእሱ 12 ሰከንድ ያህል ነው። አንተ አይተኸው፣ ምን እንደሆነ ገብቶህ፣ እጅህን አንቀሳቅሰህ፣ ሄሊኮፕተሩ መንገዱን እስኪቀይር ያለህ ጊዜ ይኸው ነው። ዝቅ ብሎ፣ ቁጥጥር በሌለበት ክልል፣ በመሣሪያ የሚበር ጄት ብዙም አይጠበቅም። ስለዚህ ደንቡ ከደመና የመራቁን ርቀት ተወው። ቸርነት አይደለም፤ ስሌት ነው።

የሄሊኮፕተር ነገር የሚመጣው እዚህ ነው። አባሪ 2 አገሮች ዝቅተኛውን የኤፍና ጂ እይታ ከ5 ኪሎ ሜትር ወደ 1,500 ሜትር እንዲያወርዱ ይፈቅዳል። ለሄሊኮፕተር ከ1,500 ሜትርም በታች እንዲፈቅዱ በር ይከፍታል። አውሮፓ ይህን በቀን 800 ሜትር ላይ ዘግቶታል። አሜሪካ ክላስ ጂ ውስጥ ከመሬት እስከ 1,200 ጫማ፣ ለሄሊኮፕተር በቀን ግማሽ ማይል፣ በሌሊት አንድ ማይል እይታ ትጠይቃለች። ግማሽ ማይል 800 ሜትር ገደማ ነው።

ሁለት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ ቅናሹ የቦታ ነው። ዝቅ ባለ፣ ቁጥጥር በሌለበት ክልል ነው የሚሠራው። ክላስ ዲ ኮንትሮል ዞን ውስጥ በተራ ቪኤፍአር ስትገባ «ሄሊኮፕተር ነኝ» ብትል 5 ኪሎ ሜትሩ አይቀነስልህም። እዚያ ያለህ መንገድ ልዩ ቪኤፍአር ነው። ሁለተኛ፣ ፈቃዱ ቅድመ ሁኔታ አለው። ሌላ ትራፊክን ወይም መሰናክልን በጊዜ አይተህ ለመሸሽ በሚያስችል ፍጥነት እስከበረርክ ድረስ ይላል። ተማሪዎች 800ን ይይዛሉ፣ ይህችን ሐረግ ይጥላሉ። የቅናሹ ዋጋ ግን እሷ ናት። ሄሊኮፕተር ቅናሽ ያገኘው መቀዝቀዝ፣ ማለትም ፍጥነቱን በጣም መቀነስ፣ ስለሚችል ነው። ካልቀዘቀዝክ አውሮፕላን ነህ።

ስሌቱን እንሥራው። በ120 ኖት በሰከንድ 62 ሜትር ገደማ ትሄዳለህ። 800 ሜትር በ13 ሰከንድ ያልቃል። በ60 ኖት ወደ 26 ሰከንድ ይሆንልሃል። አሁን መዞር እንፈልግ። 20 ዲግሪ አዘንብለህ በ120 ኖት ስትዞር የመዞሪያህ ራዲየስ 1,070 ሜትር አካባቢ ነው። የምታየው 800 ነው። ማለትም የደመናውን ግድግዳ ባየህበት ቅጽበት መዞር ብትጀምር እንኳ ትገባበታለህ። በ60 ኖት ራዲየሱ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ 270 ሜትር ገደማ። ይህ ነፋስ ሳይኖር ነው። ከኋላ የሚነፍስ ነፋስ ካለ ይሰፋል። ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ከሆንክ ደግሞ ራዲየሱ ሳይሆን ሙሉ ስፋቱ ነው የሚያስፈልግህ፤ በ60 ኖትም ከ500 ሜትር በላይ ነው። የአውሮፓ መመሪያ ለሄሊኮፕተሮች የሚመክረው ፍጥነት ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ በ800 ሜትር እይታ 50 ኖት፣ በ1,500 ሜትር 100 ኖት፣ በ2,000 ሜትር 120 ኖት።

«እሺ፣ እንግዲያው ቀዝቅዤ ልቀጥል» እንዳትል። ሲቀዘቅዝ ሄሊኮፕተሩ ለመቆጣጠር ይከብዳል። በመሣሪያ ለመብረር የተፈቀደላቸው ሄሊኮፕተሮች ሳይቀሩ ዝቅተኛ የመሣሪያ በረራ ፍጥነት፣ ቪ-ሚኒ የሚባል፣ አላቸው። ከዚያ በታች ሆነህ መሬቱ ከዓይንህ ከጠፋ በመሣሪያ ቀጥ አድርጎ መያዝ በጣም አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ እየተባባሰ በሚሄድ አየር ውስጥ እየቀዘቀዙ፣ ዝቅ እያሉ መቀጠል ወጥመድ ነው። እያንዳንዱ እርምጃ ለየብቻው ልክ ይመስላል። መጨረሻ ላይ ግን ቀርፋፋ ነህ፣ ከመሬት ቅርብ ነህ፣ ደመናው አናትህ ላይ ነው። ዝቅ ስትል ደግሞ ሽቦ አለ። 800 ሜትር እይታ ማለት ሽቦን ከ800 ሜትር ማየት ማለት አይደለም። ሽቦ ራሱ አይታይም ብለህ ተነሣ። የሚታየው ምሰሶው ነው። መስመሩን መሻገር ካለብህ ምሰሶው አናት ላይ ተሻገር።

አስተማሪህ ተመለስ የሚልህ ለዚህ ነው። ፈርቶ አይደለም። ደንቡ የሚነግርህ ሕግ የምትጥስበትን መስመር ነው። እሱ የሚያስተምርህ ደግሞ መመለስ የሚቻልበትን መስመር ነው። ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ አይደሉም። በእኔ አስተያየት ገና የመቶ ሰዓት አብራሪ ሳትሆን 800 ሜትርን እንደ መብት መቁጠር የለብህም።

እይታህ ስንት እንደሆነ በምን ታውቃለህ? ኤርፖርቱ 5 ኪሎ ሜትር ሪፖርት ማድረጉ የመሬት እይታ ነው። አንተን የሚገዛህ የበረራ እይታ፣ ከኮክፒትህ ወደፊት የምታየው ነው። ጸሐይን ፊት ለፊት ይዘህ በጭጋግ ስትበር ሁለቱ በጣም ይለያያሉ። ቀላል ዘዴ አለ። 60 ኖት ያዝ። ፊት ለፊት አንድ ዛፍ ወይም ቤት ብቅ ሲል ሰዓት ጀምር። ከጎንህ ሲያልፍ አቁም። ነፋሱ ቀላል ከሆነ 26 ሰከንድ 800 ሜትር ነው፤ 50 ሰከንድ ገደማ 1,500 ሜትር ነው። ከዚያ በታች ካነበብክ ውይይት የለም።

ልዩ ቪኤፍአር የሚያስፈልገው ኮንትሮል ዞን ውስጥ ሲሊንጉ፣ ማለትም የደመናው ሥር ከፍታ፣ ከ1,500 ጫማ ሲያንስ ወይም የመሬት እይታው ከ5 ኪሎ ሜትር ሲወርድ ነው። አንተ ነህ የምትጠይቀው። በአውሮፓ ለሄሊኮፕተር እይታው ከ800 ሜትር፣ ሲሊንጉ ከ600 ጫማ ማነስ የለበትም፤ ፍጥነትህም ከ140 ኖት አይበልጥም። የአሜሪካ አጠቃላይ ደንብ ደግሞ ለአውሮፕላን አንድ ማይል እይታ ሲጠይቅ ለሄሊኮፕተር ቁጥር አላስቀመጠም፤ ከደመና ውጪ ሁን ብቻ ይላል። ይህ ነፃነት ያስፈራኛል። ቁጥር በሌለበት ቦታ ቁጥር ማስቀመጥ ያለብህ ራስህ ነህ።

ካላባሳስ የሆነውን ታስታውሳለህ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2020 የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹን ኮቢ ብራያንትንና ሌሎች 8 ሰዎችን የያዘ ሲኮርስኪ ኤስ-76ቢ ሎስ አንጀለስ አቅራቢያ ኮረብታ ላይ ተከሰከሰ። ሄሊኮፕተሩ በልዩ ቪኤፍአር ፈቃድ በበርባንክና በቫን ናይስ ክልል አልፎ ነበር። ከበርባንክ በፊት ለአይኤፍአር ትራፊክ ሲባል እየዞረ እንዲጠብቅ ተደርጓል። ተቆጣጣሪዎቹ ሥራቸው ይህ ነው። ከክልሉ ከወጣ በኋላ ግን ደመናው እየወረደ፣ መሬቱ እየወጣ መጣ። አብራሪው ከደመናው በላይ ለመውጣት ወደ 4,000 ጫማ እየወጣሁ ነው ብሎ ተናገረ። ያን ጊዜ ሄሊኮፕተሩ ወደ ግራ እየዞረ በፍጥነት እየወረደ ነበር። መርማሪዎቹ ምክንያቱ በቪኤፍአር ወደ ደመና ለመግባት መወሰንና ከዚያ የመጣ የአቅጣጫ ስሜት መጥፋት ነው አሉ። ተጽዕኖ ያደረጉ ብለው ከጠቀሷቸው ውስጥ ከተያዘው ዕቅድ ላለመውጣት ያለው ዝንባሌ ይገኛል። ልምድ ያለው አብራሪ ነበር። የውስጥ ጆሮህ ያንተን የበረራ ሰዓት አይቆጥርም።

ስለዚህ ሳታስበው ደመና ውስጥ ከገባህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ዓይንህን ከውጭ አንሣና ሰው ሠራሽ አድማስ የሚባለው መሣሪያ ላይ አድርግ። ሄሊኮፕተሩን አስተካክል፣ አቅጣጫህን ያዝ፣ ፍጥነትህን ያዝ። ከዚያ ኃይል ጨምረህ ወደ አስተማማኝ ከፍታ ውጣ። ከተረጋጋህ በኋላ ተናገር፤ ትራንስፖንደሩ ላይ የአደጋ ጊዜ ኮዱን 7700 አስገባ። መሬት ፍለጋ ወደ ታች አትጎንበስ። በድንጋጤም አትዙር። የ180 ዲግሪው መዞር ጊዜው ከመግባትህ በፊት ነበር።

የቀሩትን በአጭሩ። በሰው በተጨናነቀ ቦታ ላይ በ600 ሜትር ዙሪያ ካለው ከፍተኛ መሰናክል 1,000 ጫማ ከፍ በል፤ ሌላ ቦታ ከመሬት 500 ጫማ። አሜሪካ ማንንም አደጋ ላይ እስካልጣልክ ለሄሊኮፕተር ከዚህ በታች ትፈቅዳለች። ነዳጅ ላይም ቅናሽ አለን፤ የቪኤፍአር መጠባበቂያው 20 ደቂቃ ነው። እየዞርክ ጠብቅ በተባልክበት ቀን 20 ደቂቃ ምን ያህል አጭር እንደሆነች ታያለህ። እኔ ልዩ ቪኤፍአር ልጠይቅ እችላለሁ ብዬ በጠረጠርኩበት ቀን በ20 ደቂቃ አልነሣም።

ለታወር ስትጠራ አቋምህን ግልጽ አድርገው። የት እንዳለህ፣ ከፍታህን፣ የምታየውን ርቀት፣ የምትፈልገውን ተናገር። ፈቃዱ ወደ ደመና ወይም ወደ ኮረብታ የሚወስድህ ከሆነ «አልችልም» ብለህ ምክንያቱን ንገረው። ሌላ መስመር ይፈልግልሃል፣ ወይም ባለህበት ጥሩ አየር ጠብቅ ይልሃል። እኛ ደግሞ አውሮፕላን የሌለው አንድ አማራጭ አለን፦ ባዶ ሜዳ ላይ አርፎ አየሩ እስኪከፈት መጠበቅ። አስቀድሞ ካሰብከው የሚያሳፍር ነገር የለውም።

በሚቀጥለው በረራህ አየሩ ጥሩ በሆነበት ቀን አስተማሪህን አንድ ነገር ጠይቀው። አንድ ቀጥ ያለ መንገድ አግድሞሽ ላይ ምረጡ። በ100 ኖት ወደ እሱ ቅረብና መንገዱ ላይ ስትደርስ በ20 ዲግሪ ዙር። መንገዱን ስንት አልፈህ እንደሄድክ ተመልከት። ከዚያ በ60 ኖት ድገመው። ሁለቱንም ርቀት ካርታው ላይ ለካና ጉልበትህ ላይ በምታስረው ደብተር ጻፈው።